የማክሰኞው ቅጠል

ድነሻል ይሉኛል። ሐኪሟም፣ አክስቴም፣ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ የከሚሴ ሰዎችም «አልሐምዱሊላህ፣ ፊትሽ ተመለሰ» ይሉኛል። ፊቴስ ተመልሷል። እንዲያውም መድኃኒቱ አወፍሮኝ ጉንጬ እንደ ሙሽራ ሞልቷል። ቤቴ ግን አልተመለስኩም። ለመዳን ብዬ ከእናቴ ቤት ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ እናቷ ዱዓ የምታስደርግ፣ እንደኔ ለፈተና የምትጨነቅ አንዲት ልጅ ታነበው እንደሆነ ብዬ ነው። ለወንዶቹ መካሪ ሞልቷል። የኛ ሲሆን «ሴት ተማሪ ደግሞ ምን ብላ ትቅማለች!» ብለው ያልፉታል። ትቅማለች። እኔ ቅሜአለሁ።

ስሜ ሉባባ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከሚሴ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አባ ከብት ነጋዴ ነው፤ ከጨፋ እየገዛ ባቲ ይሸጣል፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ የሚያድርበት ይበልጣል። እማን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል፤ የሚያውቃትም በማክሰኞ ዱዓዋ ነው። በየማክሰኞው ከዙህር ሶላት በኋላ ዱበርቲዎች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ዱበርቲ የምንላቸው ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ እናቶች ናቸው። ልጇ ዓረብ አገር ገብታ ድምጿ የጠፋባት፣ መውለድ እንቢ ያላት፣ ባሏ የከፋባት፣ ሁሏም ጉዳይዋን ይዛ ትመጣለች። ጫቱ መሐል ይቀመጣል። መሪያቸው እመት ሽኩሪያ ዱዓ ያደርጉበትና በእጃቸው እየቆረሱ ያድላሉ። አንዷ ጉዳይዋን ስትናገር ሌሎቹ እያላመጡ «አሚን! አሚን!» ይላሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ውሃ አቀርብ ነበር። ያን ጊዜ ከዚያ ክፍል የበለጠ ሰላም ያለበት ቦታ በዓለም ላይ አለ ቢሉኝ አላምንም።

የመጀመሪያዋን ቅጠል የቀመስኩት እዚያው ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ስጨነቅ እማ ለእመት ሽኩሪያ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ነይ ኢንተለ ቲያ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ «ነይ ልጄ» ማለታቸው ነው። ለጋዋን ጫፍ ቀነጠሱና አፌ ውስጥ አድርገው «አላህ ቀልብሽን ይክፈተው!» ብለው መረቁኝ። አለፍኩ። እማ ለጎረቤት ሁሉ «የዱዓው ነገር እኮ ነው!» ስትል ከረመች። ከዚያ በኋላ ፈተና በመጣ ቁጥር ቅጠሏ መጣች። እኔ ይሄን ጫት ብዬው አላውቅም። ጫት ማለት ለኔ የባጃጅ ሹፌሮች ጉንጫቸው ውስጥ የሚወጥሩት ነገር ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ነገሩ ከበደ። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ሲከፈት፣ የሁለት ዓመቱን መጽሐፍ በጥቂት ወር ጠጡት ተባልን። ጓደኛዬ መዲና ከጨፋ ገጠር መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ እኔም ለማጥናት ማታ ማታ እነሱ ዘንድ እሄድ ጀመር። እንቅልፍ ሲያዳፋን መዲና «ሉቤ፣ የናንተ ቤት የማክሰኞው አይተርፍም?» አለችኝ። ይተርፋል እንጂ። ገራባውን፣ ያው ተቅሞ የሚተርፈውን ማለት ነው፣ ጠርጌ የምጥለው እኔ አይደለሁም? ከመጣያው ፋንታ ደብተሬ መሐል ገባ። ገራባው አልበቃ ሲል ዋናውን መግዛት መጣ። ተቅሞ ሲታደር ደግሞ እንቅልፍ እንቢ አለ። ሌላ ቦታ ያሉ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብሩታል አሉ። እኛ ዘንድ መጠጥ ሐራም ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ በእንቅልፍ ኪኒን ይሰብሩታል። ኪኒኑን ሐራም ያለ የለማ! ከረሜላ ነበር የምንለው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ቅጠሏ በቀደደችው ኪኒኑ ገባ።

የሚያስቀው ነገር፣ ያኔ እኔ የትምህርት ቤቱ የፀረ-ሱስ ክበብ አባል ነበርኩ። ተራ አባል እንዳይመስላችሁ፣ አንባቢዋ ነበርኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ «ውድ ተማሪዎች፣ ራሳችሁን ከአደንዛዥ ዕፅ ጠብቁ» እያልኩ የማነብ እኔ። ክበቡን የሚመሩት የባዮሎጂው መምህር ሰይድ ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፅሽ ቀልብ ይይዛል ይሉኝ ነበር። በዚያው ሰሞን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያሉትን ሺሻ ቤቶችና ጫት መሸጫዎች አስነሣ። ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶ ተነሡ። ሻጮቹ አልሸሹም ዞር አሉ፤ በኋለኛው ቅያስ ተደረደሩ። የኔ ጫት ግን የተጀመረው ከአጥሩም ከቅያሱም አይደለም፤ ከናቴ ቤት ነው። እዚያ የሚገባ ኮሚቴ የለም።

ሕመሙ መጀመሪያ ሕመም አይመስልም። ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። እህል አስጠላኝ። ኪኒኑን ውጬም እንቅልፍ ጠፋ። መዝሙር ተለጥፎበት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ አንድ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ይለኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከትምህርት ቤቱ በኩል ድምፅ ማጉያውን ሰማሁ። «ውድ ተማሪዎች፣ ሉባባ ማታ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ?» ይላል። ድምፁ የኔው ነው። ያረቢ! ቀኑ እኮ እሑድ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው።

እማ ክስታቴን አይታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ከሚሴ ውስጥ ራስሽን ካመመሽ ወይ ታይፎይድ ነሽ ወይ ታይፈስ፤ ዕድል ከቀናሽ ሁለቱንም ነሽ። እኔ ሁለቱንም ሆንኩ። መርፌ ለተወሰነ ቀን ታዘዘ፤ ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ ከሚያለቅሱ ሕፃናት ጋር ተራ ስጠብቅ ያ ድምፅ ከግድግዳው ኋላ ስሜን ይጠራል። መርፌው አለቀ፤ ድምፁ አላለቀም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለና ነጭ ሽሮፕ ሰጠን። ሦስተኛው ደም ማነስ አለ። አባ አንዱን ወይፈን ባቲ ሳያደርሰው መንገድ ላይ ሸጠው። በሦስቱም ቦታ «ትቅሚያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝስ! እማ አጠገቤ እጄን ይዛ ተቀምጣ ምን እላለሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱን እኔም አውቅ ነበር። ግን በከሚሴ የሴት ልጅ ስም ከጤናዋ ይቀድማል።

ማታ ማታ ፈራሁ። የቤት ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ ብቻ ጣሪያ ቆጥሬ ሳድር፣ ድምፁ ደግሞ እየቀረበ፣ ከግንቡ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ትራሴ። ብርድ ልብስ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንዳልጮህ ነክሼ አድር ነበር። እማ አንድ ሌሊት ነቅታ አቀፈችኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ያልፋል» አለችኝ። 

ጎረቤቶቻችን በሽታውን ከሐኪሞቹ ቀድመው ያወቁት መሰላቸው፤ ጅኒ ነው አሉ። እማም ማክሰኞን አልጠበቀችም፤ ለኔ ብቻ የሚሆን ልዩ ዱዓ ጠራች። የሰፈሩ ዱበርቲዎች በሙሉ መጡ። ጫቱ ሌላ ጊዜ ከሚመጣው ሁለት እጥፍ ነበር፤ ለታማሚ ነዋ! መሐል አስቀመጡኝና እመት ሽኩሪያ ቆርሰው በእጄ አኖሩልኝ። ሌላዋም ሰጠችኝ፣ ሌላዋም። ለታመመ ሰው ማን ይነፍጋል? አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አላመጥኩ፣ አላመጥኩ።

ከዚያ መናገር ጀመርኩ። ሳምንታት ሙሉ ዝም ያልኩት ልጅ ምላሴ ተፈታ። ስለ ፈተናው፣ ስለ አላህ፣ ስለ አባ ከብቶች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዶክተር ስለመሆኔ ሳላቆም ለፈለፍኩ። ሳቅሁ። እማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አለቀሰች። «ዱዓው ደረሰ! ልጄ ተናገረች!» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ያ ምርቃና ነበር እንጂ መዳን አልነበረም። ጫት የቃመ ሰው ምላሱ እንደሚፈታ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ግን የዱዓው ጫት ያመረቅናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንዳይቋረጥ ብለው በነጋታውም ደገሙልኝ። በሠልስቱም። እየተሻለኝ መስሏቸው በደስታ ገደሉኝ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ጠዋት ድምፁ አላስቀምጥ ሲለኝ በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ሮጬ ገባሁ። ሰልፍ ላይ ነበሩ። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን እንጨት እየነቀነቅኩ ሽቦውን በጥርሴ በጠስኩት። ሊይዘኝ የመጣውን ዘበኛ ነከስኩ። መምህር ሰይድን «አንተ ነህ ስሜን ያስነበብከው!» ብዬ በድንጋይ መታኋቸው፤ ግንባራቸው ተፈነከተ። ተማሪው ሁሉ አየኝ። መዲና ከሰልፉ ውስጥ ሆና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅስ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

አባ መጣ። ሌላ ነገር ስላልነበረው በከብት ገመድ እጄን አሰረኝ። እያሰረ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ይል ነበር። ሚኒባስ ተኮናትሮ ደሴ ወሰደኝ። እስከ ኮምቦልቻ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ እጮህ ነበር አሉ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቷል። የአእምሮ ሕክምናው በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከሌላው በሽተኛ የሚለየው አቀማመጡ ነው፤ ታማሚው መሐል፣ ቤተሰብ ግራና ቀኝ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው። ኒቃብ አድርጋ የማታውቀው እማ የዚያን ቀን እስከ ዓይኗ ተሸፍና ነበር። አጠገባችን ልጇን ይዛ የመጣች ከሩቅ ገጠር የሆነች ሴት ነበረች፣ ማተብ ያሰረች። ገመዱን አየችና አባን «አንተ ሰውዬ፣ የት ትሄድብሃለች? ፍታት እንጂ!» ብላ ተቆጣችው። አባ ፈታኝ። ሴትዮዋ የያዘችውን ዳቦ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለልጇ፣ ግማሹን ለኔ ሰጠች። ስሟን አልጠየቅኳትም። እስካሁን ዱዓ ሳደርግ «ያቺ ዳቦ የሰጠችኝ» እላለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ያደረገችው እናትና አባቴን ማስወጣት ነው። በሩ ሲዘጋ «ምን ትቅሚያለሽ?» አለችኝ። ትቅሚያለሽ ወይ አላለችም።

«ኧረ እኔ ምንም!» አልኩ።

«እኔም ተማሪ ሆኜ ለፈተና ብዬ ቅሜአለሁ» አለችኝ። «ንገሪኝ፤ ከዚህ አይወጣም።»

«ወላሂ በይ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ማርያምን ብልሽ ይበቃሻል?»

ሳቅ አመለጠኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ቅጠል የሳቅኩት ያኔ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ ገራባውን፣ የመዲናን ክፍል፣ ከረሜላውን፣ ዱዓውን። ሕመሙ ሳይኮሲስ ይባላል አለችኝ፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ እውነቱንና ሐሳቡን የሚያቀላቅል ሕመም ነው። «የቃመ ሁሉ አይታመምም። የአንዳንዱ ሰው አእምሮ ግን አይችለውም፤ እንቅልፍ ማጣቱና ኪኒኑ ሲጨመርበት ይብሳል። ያንቺ አይችለውም። እንግዲህ በሕይወትሽ አንዲት ቅጠል እንዳትነኪ» አለችኝ። ከዚያ «እናትሽ ማወቅ አለባት። አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ?» ስትለኝ አንቺ አልኳት።

እማ ገብታ ሰማች። እስኪያልቅ አዳመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«የዱዓውንም ነው?»

«የዱዓውንም።»

«ዶክተር፣ የዱዓው ጫት እኮ ጫት አይደለም። እሱ በረካ ነው።»

«እናቴ፣ ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ አንድ ነው። ቤት ውስጥም ባይኖር ይሻላል፤ ሽታው ራሱ ይጠራታል።»

እማ ፊቷን ከሐኪሟ አዞረች። እኔን አየችኝ። ያቺ አስተያየት ከድምፁም፣ ከገመዱም ትብስብኛለች። ሌላ ጊዜ እማ ተቆጥታብኝ ታውቃለች፤ የዚያን ቀን ግን ቁጣ አልነበረም፤ ሁለት የምትወዳቸውን ነገሮች ተራ በተራ የምታይ ሰው ዓይን ነበር።

ተኝቼ ታከምኩ። መድኃኒቱ ምላሴን አሰረኝ፣ ለሀጬን አዝረበረበኝ፤ እማ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፋ እየተኛች በሻሽዋ ጫፍ ትጠርግልኝ ነበር። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ፈተናው አለፈኝ።

ቤት ስንመለስ እማ ሞከረች። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው፤ ሞክራለች። ለዱበርቲዎቹ ነገረቻቸው። እመት ሽኩሪያም «እንግዲህ ቅጠሉ ይቅር፤ ዱዓ በልብ ነው» አሉ። በተምርና በውሃ ተደረገ። ሴቶቹ ዱዓው ሳይጋመስ ማዛጋት ጀመሩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግማሾቹ ቀሩ፤ አንዷ ራሷን አሟታል፣ አንዷ ለቅሶ አለባት። ኋላ ላይ እመት ሽኩሪያና እማ ብቻቸውን ቀሩ፤ እሳቸውም ግድግዳ ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰው ሁሉ ጉዳዩን ይዞ ወደኛ ይጎርፍ የነበረው ቤት ጭር አለ። ጉዳያቸውን የያዙት ሴቶች ሌላ ቤት ሄዱ።

እማ ደግሞ ተለወጠች። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ትተኛለች። በትንሹ ትቆጣለች፤ ድስት ይወረወራል፣ በር ይደበደባል። ከሰዓት ሲሆን እጇ የሚይዘውን ያጣል። «ዱዓዬ ናፈቀኝ» ትላለች። እኔ ያንን ነገር ከሆስፒታል ተምሬው ነው የመጣሁት፤ ስሙን አውቀዋለሁ። ሐራራ ይባላል። እናቴም ታማለች። የኔ በሽታ ስም አለው፣ ካርድ አለው፣ መድኃኒት አለው፤ የሷ ስሙ ዱዓ ነው።

ነገርኳት። «እማ፣ ይሄ ያንቺ ሐራራ ነው። ደሴ አብረን እንሂድ።»

«አንቺ ከዱርዬ ጋር የቃምሽውና የኔ አንድ ነው?» አለችኝ። ከተቀመጠችበት ተነሣች። «የኔ እናት በሱ ዱዓ አድርጋ ነው አንቺን በሕይወት ያወጣችሽ። በሰባት ወር ተወልደሽ በጥጥ ጠቅልለን፣ በዱዓ! ዛሬ ፊደል ቆጥረሽ መጥተሽ በሽታ ትይኛለሽ?»

ተነሥቼ መድኃኒቴን ዋጥኩ። 

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። ከውስጥ «አሚን! አሚን!» ይሰማል። እማ በሩን ከፈት አድርጋ አየችኝ። ፊቷ በርቷል፤ ሳላያት የከረምኩት እናቴ ነበረች። «አንቺ ጓዳ ግቢ፣ በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። ሽታው በበሩ ሥር ገባ። ምራቄ ሞላ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደ ረሃብ ነው። ነጠላ አፍንጫዬ ላይ አስሬ ቁርኣን ቀራሁ። ሁለት ማክሰኞ ቻልኩ። በሦስተኛው እማ ሳትጠርገው ካደረ ገራባ እፍኝ ሙሉ አፌ ከተትኩ። ቀን ሳይቆይ ያ ድምፅ ተመለሰ። አባ እንደገና ሚኒባስ ተኮናተረ። የዚህን ጊዜ ገመድ አላስፈለገም፤ ራሴ ገባሁ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «ሌላ የምትኖሪበት ቤት አለ?» ብቻ አለችኝ።

ከመሄዴ በፊት መምህር ሰይድ አስጠሩኝ። ግንባራቸው ላይ ጠባሳው አለ፤ ይቅርታ ስላቸው «ተይው ባክሽ፣ ለመልኬ ጨመረልኝ» ብለው ቀለዱ። ወረዳው በትምህርት ቤታችን ትልቅ የግንዛቤ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር፤ ታማ የዳነች ተማሪ ትናገር ተብሏል። ምን እንደምናገር ጠየቁኝ፤ የመጀመሪያ ቅጠሌን ከየት እንዳገኘሁ እናገራለሁ አልኳቸው። 

«ሉባባ፣ እሱን ብንተወው? መጥፎ ጓደኛ አሳሳተኝ ብትይ ይበቃል።»

«መምህር፣ መጥፎ ጓደኛ የለኝም። መዲና የጠየቀችኝ እኛ ቤት ያለውን ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ የሃይማኖት አባቶች ይመጣሉ። የእናቶችን ዱዓ ነካችሁ ከተባለ ነገ ክበቡም የለም፣ እኔም የለሁም።»

«ታዲያ እናቶቹን ለምን አትጠሯቸውም? እኛን ሰልፍ ላይ ከምታቆሙን እነሱን አስቀምጣችሁ ብትነግሯቸው?»

«እሳቱን እኔ አልነካውም ልጄ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን እፈራለሁ። አልናገርም ብዬ ወጣሁ። በፕሮግራሙ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስለ መጥፎ ጓደኛ ግጥም አነበበች፤ በጣም ተጨበጨበላት አሉ። መዲና ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት አልታየችም። እኔን ያሳበደችኝ እሷ ናት ተብሎ አከራይዋ አስወጥቷት ወደ ገጠር ተመለሰች፤ ስልኳ አይሠራም።

አሁን ባቲ ነኝ፣ አክስቴ ከድጃ ዘንድ። የአባ እህት ናት፤ ልብስ ትሰፋለች። ጫት ሐራም ነው ከሚሉት ወገን ስለሆነች ከእማ ጋር ለዓመታት አይነጋገሩም። እማ «ዱዓ የማትወድ» ትላታለች። ልጇን ለማዳን ልጇን ለማትወዳት ሴት ሰጠች ማለት ነው። ሻንጣዬን ያሰረችልኝ እማ ራሷ ናት። አትሂጂ አላለችኝም። ይሄንንም አስቤ የማለቅስበት ቀን አለ፤ አትሂጂ ብትለኝ ምን አለበት? ዱዓው ይቅር፣ አንቺ ቅሪ ብትለኝስ?

መድኃኒቴን ማታ ማታ እውጣለሁ። ባቲ ሙቀቷ አይጣል ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ያደነዝዘኛል፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር ግማሹ ያመልጠኛል። ድሮ አንዴ አንብቤ የምይዘውን አሁን አራቴ አነባለሁ። ዶክተር እሆናለሁ የምትለዋ ልጅ የለችም። ዘንድሮ ፈተናውን ከተቀመጥኩ ይበቃኛል። የምትታመም እህቴ ሆይ፣ አብሽሪ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን አልዋሽሽም። ቶሎ ተናገሪ፤ ሐኪሙ ፊት እናትሽን አስወጪና ተናገሪ። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ እማ መጣች። አባ ከብት ይዞ ሲመጣ አብራው ነው የመጣች። አክስቴ ቤት ስለማትገባ እኔ ገበያው ዳር ሄድኩላት፤ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ከሚያስሩበት ራቅ ብላ ግድግዳ ጥላ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ስታየኝ ብድግ ብላ እጇን ዘረጋች። ቅርንፉድ አኝካለች፣ ለኔ ብላ፤ ከሻሽዋ ግን ያ ሽታ መጣ። ምራቄ ሞላ። ወደ ኋላ አልኩ።

«እማ፣ አትቀፊኝ።»

እጇ እንደተዘረጋ ቆመ። ከዚያ መለሰችው። ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ መሐላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ቦታ ትተን። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ እመት ሽኩሪያ ጉልበት ነገረችኝ። ስለ ሌላው አንነጋገርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

«እማ፣ እስቲ ለኔ ብለሽ ተይው። አንድ ጊዜ ለኔ ብለሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። የገረማት ትመስላለች።

«ላንቺ ብዬ አይደል እንዴ የምቅመው?» አለችኝ። «ከሄድሽ ወዲህ አንድም ማክሰኞ አልዘለልኩም። የሰው ጉዳይ ሁሉ ትቼ፣ ዱዓው ባንቺ ስም ብቻ ነው። እስኪነጋ እኮ ነው የምቀመጥልሽ። አላህ ልጄን ያሽርልኝ፣ ቤቷ ይመልስልኝ እያልኩ።»

አየኋት። እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።